አባቴን የሚነዝረው የብሬከር ሳጥን

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ነው። አባቴ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የኋላው ግድግዳ ዳገቱ ተቆፍሮ ስለተሠራ ክረምቱን ሙሉ እንደረጠበ ነው የሚከርመው። ከጎኑ የሁለት ላሞች በረት አለ፤ የበረቱም መብራት የሚሳበው ከዚያው ነው። ብሬከሮቹ ያሉት እርጥቡ ግድግዳ ላይ በተመታ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አባቴ ሳጥኑን ሲነካ ይነዝረዋል። ብሬከሩ ግን አይጥልም። አንድ ሻጭ ወፍራም የላሜራ ሳጥን ግዙ ይለናል። ሌላው ደግሞ 65 የሚል ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ያሳየናል። የቱን እንግዛ?»

እህቴ፣ ወደ ሳጥኑ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ወደ ሥራ ቤቱ የሚሄደውን መስመር አሁኑኑ አጥፊው። የምታጠፊው ግን ከሚነዝረው ሳጥን ላይ አይደለም። ዋናው ቤት፣ ቆጣሪው አጠገብ ካለው ብሬከር ላይ ነው። የተቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቢው።

አባትሽ «ትንሽ ነው የሚነዝረኝ» ብለው ሊያቃልሉት ይችላሉ። በሥራዬ ብዙ አባቶች እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ትንሽ የሆነው ግን ምናልባት ጫማቸው ደረቅ ስለነበር ብቻ ነው። ያንኑ ሳጥን፣ በዚያው ቀን፣ በባዶ እግር እርጥብ መሬት ላይ ቆመው ነክተውት ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ከ10 ሚሊ አምፒር ገደማ ጀምሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 አልፎ ትንሽ ከቆየ ልብ ላይ ይደርሳል።

«ብሬከሩ ግን አይጥልም» ያልሽው ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ነገር ነው። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሽቦው ከመጠን በላይ ግሎ እንዳይቃጠል ነው የተሠራው። 16 አምፒር የሚል ብሬከር 16,000 ሚሊ አምፒር ሲያልፍበት ዝም ይላል። ይህ ለሰው አደገኛ ነው ካልኩሽ 30 ሚሊ አምፒር ከ500 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ብሬከራችሁ ተበላሽቶ አይደለም። ያልተሠራበትን ሥራ እየጠበቃችሁበት ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የሆነውን ሳላየው መገመት እችላለሁ። ሰጋቱራው ገብቷል። በዚያ ላይ እርጥበት ተጨመረበት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሊጥ ይሆናሉ፤ ያ ሊጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ከፌዙ ሽቦ እስከ ላሜራው ድረስ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሠራል። ወይም ደግሞ ላሜራው በተበሳበት ስለት ላይ የሽቦው ልባስ ተልጧል። ላሜራው ከግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ፣ ጋር ስላልታሰረ ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠብቃል። አባትሽ ሲነኩት መውጫ አገኘ።

አብሽሪ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ፕላስቲኩን ግዙ። የላሜራው ውፍረት ከመዶሻና ከሚወድቅ ጣውላ ይጠብቃል እንጂ ከውሃ አይጠብቅም። ውሃ ላሜራ በስቶ አይገባም። የሚገባው በበሩ ጠርዝ፣ በተበሳው ቀዳዳና በሽቦው ዙሪያ ነው። ላሜራ ሳጥን መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ በብዛት የምታዪው ላሜራ ነው። እዚያ ግን ሳጥኑም በሩም ለየብቻ በግራውንድ ሽቦ ይታሰራሉ። በሩ በማጠፊያው ብቻ አይታመንም፤ ማጠፊያ ይዝጋል፣ ቀለምም ይለያየዋል። የሚከታተል ባለሙያም አለ። ጓሮ ሥራ ቤት ውስጥ ግን ያ ሽቦ አንድ ቀን ይላላል፤ ማንም አያየውም። አባትሽ በእርጥብ እጅ የሚነኩት ነገር ራሱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቢሆን እመርጣለሁ።

ፕላስቲክም ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ርካሹ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆንና ይሰነጠቃል። ሱቁ ውስጥ ክዳኑን ክፈቺና ዙሪያውን ያለውን የጎማ ማሸጊያ በጣትሽ ተከተይው። ሳይቋረጥ መዞር አለበት። ከዚያ ክዳኑን ዘግተሽ መሐሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ጠርዙ ላይ ጎማው ተላቆ ከታየሽ ተዪው፣ ቁጥሩ ምንም ይበል።

ስለ ቁጥሩም ልንገርሽ፣ ሻጮች ብዙ ጊዜ ሳያብራሩ ነው የሚያልፉት። ስድሳ አምስት ተብሎ የሚነበብ አንድ ቁጥር አይደለም። ስድስትና አምስት ነው፤ ከፊቱ «አይፒ» የሚል ምልክት አለ። የመጀመሪያው አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። ለአቧራ ትልቁ 6 ነው፤ ምንም አቧራ አይገባም ማለት ነው። 5 ከሆነ ጥቂት ሊገባ ይችላል፣ ግን ሥራውን የሚያበላሽ ያህል አይደለም። በውሃው በኩል 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። 5 ማለት በጎማ ቱቦ የሚለቀቅ ውሃ ቢመታውም ይችላል ማለት ነው። 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢገባ ይቋቋማል። ለአባትሽ ሥራ ቤት 55 ይበቃል፤ 65 ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ለ67 ገንዘብ አትጨምሩ። ሳጥኑን ወንዝ ውስጥ አትጥሉትም።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገውን ልንገርሽ። ያ ቁጥር ሳጥኑ ከመበሳቱ በፊት ያለው ነው። ኤሌክትሪሻኑ ትራፓኖውን አንስቶ ለሽቦ ማስገቢያ ሲበሳው፣ 65 የነበረው ሳጥን ቀዳዳው የሚያወጣለትን ቁጥር ይይዛል። ጥሩ ሳጥን ተገዝቶ፣ ከላይ ሰፊ ቀዳዳ ተበስቶ፣ ሦስት ሽቦ አንድ ላይ ገብቶ፣ ዙሪያው በፕላስተር ተጠቅልሎ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የተከፈለበት ገንዘብ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ከኋላ ግድግዳው ላይ ለመምታት የሚበሱትም እንዲሁ ነው። ደህና ሳጥን የመምቻ ቦታው ከጎማው ውጭ፣ በአራቱ ማዕዘን በኩል ነው። የሳጥኑን ሆድ በስታችሁ ብሎን አታስገቡ።

ሽቦ የሚገባው በግላንድ ነው። ግላንድ ማለት ሲጠብቅ ውስጡ ያለው ጎማ ኬብሉን ዙሪያውን አንቆ የሚይዝ ማስገቢያ ነው። አንድ ግላንድ ለአንድ ኬብል። መጠኑ ከኬብሉ ውፍረት ጋር መግጠም አለበት። ኬብሉም ክብ መሆን አለበት። ጠፍጣፋውን ኬብል ክብ ጎማ ቢያንቀው ግራና ቀኝ ክፍት ይቀራል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከሳጥኑ በታች በኩል ይበሱ። ኬብሉም ወደ ሳጥኑ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ፣ እንደ ቅስት ታጥፎ፣ ከታች ወደ ላይ ይግባ። በኬብሉ ላይ የሚወርድ ውሃ ቅስቱ ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል፣ ወደ ሳጥኑ መውጣት አይችልም። የማያስፈልግ ቀዳዳ ካለ በራሱ መድፈኛ ይደፈን። ፌስታል አይሆንም።

ፌስታልን ካነሳሁ አይቀር፣ ክረምት ሲገባ ብሬከሩን በላስቲክ የሚያለብሱ ሰዎች አሉ። አሳባቸው ይገባኛል። ግን ላስቲኩ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ነው የሚይዘው። ያለ ላስቲክ ቶሎ ይደርቅ የነበረው ከላስቲኩ በታች ቀኑን ሙሉ እንደረጠበ ይውላል።

ይህ ወደሚከብደው ጉዳይ ያስገባኛል። ጎማው ደህና፣ ግላንዱ ደህና፣ ጣሪያው የማያፈስ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ውሃ ይገኛል። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ቢያልፍም ሞቃት ነው፤ እዚያ የገጠምኩት ሳጥን ስከፍተው ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ፣ ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ ያንኑ ዓይነት ሳጥን ስገጥም ጉም የወረደ ለታ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብታ ተደርድሮ አገኛለሁ። ዝናብ አልገባም። ሳጥኑ ነው ያላበው።

እንዴት መሰለሽ። ቀን ማሽኖቹ ሲሠሩ ብሬከሮቹ ይሞቃሉ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየርም ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ በየቀጭኑ ክፍተት ይወጣል። ማታ ሲበርድ ይጨመታተራል፤ ከውጭ አየር ይስባል። ውስጡ ከ35 ዲግሪ ወደ 12 ቢወርድ ከይዘቱ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል አዲስ አየር ያስገባል። ማለትም ሳጥን ይተነፍሳል። የሚስበው አየር የክረምት አየር ነው፤ እርጥብ ነው። አየሩ 18 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ፣ የሳጥኑ ገጽ ወደ 14 ዲግሪ ሲወርድ ያ እርጥበት ወደ ውሃነት ይለወጣል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ላይ ከውስጥ ሲያንጠባጥብ አይተሽ ታውቂያለሽ። ነገሩ ያው ነው። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲያድር ደግሞ ይብሳል፤ ውስጡን የሚያሞቅ ነገር የለምና።

አንድ ጊዜ ገራዶ አካባቢ አንድ የወተት ላሞች ባለቤት ጠራኝ። ሳጥኑ ውሃ እየያዘ አርሲዲው ይጥላል፤ አርሲዲ ኤሌክትሪክ በሰው ወይም በመሬት በኩል ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ ዕቃ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ሄጄ የክዳኑን ጎማ ቀየርኩ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠራኝ። ግላንዶቹን ፈትቼ እንደገና አጠበቅኩ። ያም አልረዳም። በሦስተኛው ማልጄ ደረስኩና ሳጥኑን ከፈትኩት። ውሃው በክዳኑ በኩል አልነበረም። ከበረቱ የሚመጣው የሽቦ ቱቦ አፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ አየሁ። ቱቦውን ስነካው ሞቃት ትንፋሽ ይወጣል። የላሞቹ ትንፋሽ ነበር። በረቱ ሌሊቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሳጥኑ ያለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ነው፤ ቱቦው ሁለቱን ያገናኛል። ሞቃቱ አየር በቱቦው መጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ይሆናል። የቱቦውን ሁለት ጫፍ በሽቦዎቹ ዙሪያ ደፈንኩት፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ደረቀ። ሁለቱን ጊዜ የጠፋበት ገንዘብና የተጨነቀበት ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የማየው ቱቦውን ነው።

የእናንተም በረት ከዚያው ሳጥን ነው የሚሳበው። ስለዚህ ቱቦ ካለ ሁለቱንም ጫፍ ድፈኑት። ከዳገቱ ወደ ታች የሚመጣ የተቀበረ ቱቦ ካለ ደግሞ ይበልጥ አስቡበት፤ እንደ ቦይ የዝናብ ውሃ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ያወርዳል። ለመድፈኛ ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ እንደ ሆምጣጤ የሚሸተውን አትግዙ። እሱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳብ ይበላል። የማይሸት ዓይነት አለ፣ እሱን ጠይቁ።

ለላቡ መፍትሔ አየር እያስተነፈሰ ውሃ የማያስገባ ልዩ ግላንድ አለ፤ ከሳጥኑ ታች ይገጠማል። ከተገኘ ግዙት። ካልተገኘ፣ ከታችኛው ጎን ዝቅተኛ ቦታ ላይ የማፍሰሻ ምልክት ያለባቸው ሳጥኖች አሉ። እሷን ብቻ ክፈቷት። አዎ፣ ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ሳጥኑ ጣሪያ ሥር እስካለ ድረስ ግን ውሃ ታቁሮ ከሚከርም ቢወጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ደግሞ ትንሽ ሰፋ ያለ ሳጥን ግዙ። ብሬከር ተጨናንቆ የታጨቀበት ሳጥን ቀን ከመጠን በላይ ይግላል።

ቦታውን ለውጡት። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። ዳገቱን ተደግፎ የቆመው ግድግዳ ላይ የትኛውም ሳጥን አይበጅም። በበሩ በኩል ያለው፣ የውጭ አየር የሚያገኘው ግድግዳ ይሻላል። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ በቀጥታ አትምቱት። ሁለት ጣውላ አግድም ምቱና ሳጥኑን በላዩ፤ ከኋላው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ይለፍበት። ከፍታው የአባትሽ ደረት አካባቢ ይሁን፤ 1 ሜትር ተኩል ገደማ። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አድርጉ፣ ብሬከር ሲነኩ መሬት ላይ እንዳይቆሙ። የመጋዙ ሰጋቱራ በቀጥታ የሚተፋበት አቅጣጫ እንዳይሆን ደግሞ ተጠንቀቁ።

ሶኬቱን ረስተሽዋል፤ እኔ ግን ከሳጥኑ እኩል ያሳስበኛል። ክዳን ያለው የግድግዳ ሶኬት ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚጠብቀው ክዳኑ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሶኬቱ ላይ መሰኪያ ሲገባ ክዳኑ ይነሣል፤ ሰጋቱራውም ውሃውም ይገባል። ለመጋዙና ለመላጊያው ዲናሞ ሰማያዊውን ባለ ሦስት እግር የኢንዱስትሪ ሶኬት ተጠቀሙ። ሦስት ፌዝ ከሆነ ቀዩን። እሱ መሰኪያው እንዳለበትም ቁጥሩን ይጠብቃል።

አሁን ሰውን ወደሚጠብቀው ዕቃ እንምጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳጥኑ ብቻውን አባትሽን አያድናቸውም። አርሲዲ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ሻጭ ኧርዝ ሊኬጅ ይለዋል። 30 ሚሊ አምፒር የሚለውን ግዙ፤ 300 የሚለው እሳት ለመከላከል እንጂ ለሰው አይደለም። አርሲዲ በፌዝ የሄደውና በመመለሻው ሽቦ፣ በኒውትራል፣ የተመለሰው እኩል መሆኑን ይቆጥራል። ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው ወይም በመሬት በኩል አልፏል ማለት ነው፤ ወዲያው ይቆርጣል። አንድ ነገር ብቻ አይሸፍንም። ሰው ፌዙንና ኒውትራሉን በሁለት እጁ ከያዘ የጎደለ ነገር ስለሌለ አይቆርጥም።

የሚገጠመው ሥራ ቤቱ ውስጥ አይደለም። ዋናው ቤት ውስጥ፣ ደረቁ ቦታ፣ መስመሩ ከሚነሣበት ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ጓሮውን አቋርጦ የሚሄደው ኬብል፣ ሳጥኑና ማሽኑ ሁሉ ከሱ በታች ይሆናሉ። እርጥብ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አርሲዲ ግን ውስጡ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል። አቅማችሁ ከፈቀደ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለማሽኖቹ፣ ሌላው ለመብራቱ። አለበለዚያ መጋዙ ላይ ትንሽ ችግር ሲኖር መብራቱም አብሮ ይጠፋል። ቢላው ገና እየዞረ አባትሽ ጨለማ ውስጥ ይቆማሉ። አርሲዲው ላይ ያለችውን የሙከራ ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ ተጫኗት። ካልቆረጠ ይቀየር። ክረምት ላይ እየጣለ ቢያስቸግራችሁ «ይህ ነገር ያናድዳል» ብሎ ሽቦውን አዙሮ የሚያልፍ ሰው አትቀበሉ። እየነገራችሁ ያለው የዲናሞው ጥቅል ረጥቧል ወይም አንድ ኬብል ተልጧል ነው።

ግራውንድም የግድ ነው። አርሲዲ ያለ ግራውንድ የሚቆርጠው ሰው ከተያዘ በኋላ ነው። ግራውንድ ካለ ማሽኑ ሲያፈስ ገና ሰው ሳይነካው ይቆርጣል። የፕላስቲክ ሳጥን መግዛታችሁ የግራውንዱን ሽቦ አያስቀርም፤ የመጋዙ አካል ብረት ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ይቀበር። ፌሮ ይዝጋል፤ አያዛልቅም። የጦሳ ግርጌ ድንጋያማ ስለሆነ አንዱ እስከ ጫፉ አልገባ ቢል ሁለት ዘንግ፣ ቢያንስ በቁመታቸው ያህል አራርቃችሁ፣ በመዳብ ሽቦ አያይዟቸው። እርጥቡ የዳገት ግድግዳ ለዚህ ብቻ ይጠቅማል፤ አፈሩ በጋም ቶሎ ስለማይደርቅ ዘንጉን በዚያ በኩል ቅበሩት። በውሃ ቧንቧ ላይ ግን አትሰሩት፤ ቧንቧ አንድ ቀን በፕላስቲክ ይተካል።

ስለ በረቱ በአጭሩ። ሳጥንም ሶኬትም በረቱ ውስጥ አይግባ። ከላም ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መዳቡን አረንጓዴ እያደረገ ይበላዋል። ውስጥ የሚገባው መብራት ብቻ ይሁን፣ ዝቅተኛው ቁጥር 44፤ በቱቦ ውሃ የምታጥቡት ከሆነ 65። ላም ከሰው ይልቅ ኤሌክትሪክ ይጎዳታል። አራት እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ነው፣ የፊትና የኋላ እግሯም የተራራቀ ነው። ለሰው 50 ቮልት እንደ ወሰን ሲያዝ ለከብት ብዙ ጊዜ 25 የሚያዘው ለዚህ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ላሞቹ ገንዳው ጋ መድረስ ፈርተው ወይም ወተት ቀንሰው ከሆነ፣ አባትሽን የነዘራቸው እነሱንም ነዝሯቸው ይሆናልና ለኤሌክትሪሻኑ ንገሩት።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ መጀመሪያ ዘንጉና አርሲዲው፣ ቀጥሎ ሳጥኑና ግላንዱ፣ ሶኬቱ መጨረሻ። መስመሩ አርሲዲ ሳይገጠምለትና አሮጌው ላሜራ ሳይነሣ አይበራ፤ አባትሽ የያዙት ሥራ ቢኖርም እንኳ። ዘንጉ ከተቀበረ በኋላ ኤሌክትሪሻኑ የዘንጉን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በመሣሪያ ለክቶ ስንት ኦም እንደሆነ ይንገራችሁ። ከ100 በታች ከሆነ ደስ ይለኛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛውን ዘንግ ጨምሩና ቁጥሩን ጻፊልኝ።